በአንድ ቡሎን የምትወርድ መኪና



ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ ላይ አንድ ወንድማችን ከዒሻ በኋላ ዶርም ውስጥ ቁጭ ብለን ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ አሳየን። አንድ ሰው አሮጌ ፖርሽ 911 ሥር ይገባና አንዲት ቡሎን በቁልፍ ጥቂት ዙር ይፈታል። መኪናዋ ከክሪክ ላይ ስትወርድ ፊቷ ዝቅ ብሎ፣ ጎማዋ ወደ ፓራፋንጎው ጠጋ ብሎ ታምራለች። አለቀ። አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ወንድማችን "የአባዬ ሚኒባስም እንደዚህ ዓይነት ቡሎን አላት። በግራ በኩል ፊቷ ወርዷል፤ ለእረፍት ስገባ እኔው ከፍ አደርጋታለሁ" አለን።

ሜካኒካል የምንማረው እርስ በርስ ተያየን። ሚኒባሷ የቤተሰቡ መተዳደሪያ ናት፣ በየቀኑ ሰው ጭና ነው የምትውለው። ወንድማችን አልተሳሳተም፤ ቡሎኗ አለች፣ ማዞሩም በእርግጥ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ቪዲዮው ያላሳየው ግን ቡሎኗ ከመነካቷ በፊት ያለውን ልኬትና ከተነካች በኋላ ያለውን ሥራ ነው። ይህን ጽሑፍ በመጽሔታችን ያወጣነው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ስለ ፖርሿ እናወራለን፤ ምክንያቱም ነገሩ በእሷ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። መጨረሻ ላይ ወደ ሚኒባሷ እንመለሳለን ኢንሻአላህ።

ሞላው የት ገባ?

የመኪና ሞላ ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታየን ተጠቅልሎ የቆመ ብረት ነው፣ አለበለዚያም ከኋላ ተደራርቦ የሚታሰር ባሌስትራ። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ እስከ 1989 ድረስ የተመረተችው የመጀመሪያዋ ፖርሽ 911 ግን ከፊት ጥቅልል ሞላ የላትም። በፊት ጎማዎቿ በኩል፣ ግራና ቀኝ፣ ወደ መኪናዋ ርዝመት የተዘረጋ አንድ አንድ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ አለ። ውፍረቱ 19 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። ቶርሽን ባር ይሉታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የዘንጉ አንድ ጫፍ ጎማውን ከሚይዘው የታችኛው ክንድ ጋር በጥርስ ተገጣጥሟል፣ ጋራዥ ውስጥ ብራቾ የሚሉትን ማለታችን ነው። ሌላው ጫፍ ከመኪናዋ አካል ጋር ተይዟል። ጎማው ጉብታ ላይ ሲወጣ ክንዱ ወደ ላይ ይዞራል፣ ክንዱ ሲዞር ዘንጉን ይጠመዝዘዋል። እርጥብ ልብስ ስንጨምቅ እጃችን ላይ የሚሰማንን መመለስ የሚፈልግ ኃይል አስቡት። ብረቱም እንደዚያው ወደ ቦታው መመለስ ይፈልጋል፤ ያ ፍላጎቱ ነው መኪናዋን የተሸከማት። አሞርዛተሩ ክብደት አይሸከምም፣ ሥራው ንዝረቱን ማብረድ ብቻ ነው።

ሐሳቡ ከ911 በፊት የነበረ ነው። የፈርዲናንድ ፖርሽ የዲዛይን ቢሮ ለቶርሽን ባር አሠራር የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1931 ሲሆን፣ ያው አሠራር በኋላ በቮልስዋገን ላይ ዋለ። ከተማችን ውስጥ ዛሬም ድረስ የምትሽከረከረው ቮልስ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ከፊት በኩል ሁለት አግድም ቱቦዎች ታገኛላችሁ፤ ውስጣቸው ተደራርበው የገቡ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች አሉ፣ የሚሠሩትም በመጠምዘዝ ነው። የቮልስ ፋብሪካ ግን ከፍታ ማስተካከያ ቡሎን አላደረገላትም። ፊቷን ማውረድ የሚፈልግ ሰው ቱቦውን ቆርጦ ማስተካከያ መበየድ አለበት፤ ይህ ደግሞ እጁን ለሚያምን በያጅ ብቻ የሚተው ሥራ ነው።

911ን የሠሩት ሰዎች ይህን ችግር ቀድመው አሰቡበት። ከአካሉ ጋር በተያዘው የዘንጉ ጫፍ ላይ አጭር ማንሻ አደረጉ፣ ማንሻውን ደግሞ አንዲት ቡሎን እንድትገፋው አደረጉ። ቡሎኗ ስትጠብቅ ማንሻው ይዞራል፣ ፊቷም ከፍ ይላል፤ ስትላላ ዝቅ ይላል። ወደ አሜሪካ የሚላኩት 911ዎች በዚያ አገር የፓራውልት ሕግ ምክንያት በአውሮፓ ከሚሸጡት ከፍ ተደርገው ይወጡ ነበር። እዚያ ያሉ ባለቤቶች ይህቺን ቡሎን እንዲህ የሚወዷት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ቡሎኗ የማታደርገው

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በብዙ ጋራዦች የምንሰማው ስሕተት ያለው እዚህ ነው። "ቡሎኑን ሳጠብቀው ሞላው ይጠነክራል" ይባላል። አይጠነክርም።

እንዴት ብትሉ፣ ጎማው ላይ ያረፈው የመኪናዋ ክብደት ቡሎኗ ስለዞረች አይጨምርም፣ አይቀንስም። ክብደቱ ያው ከሆነ ዘንጉ ያንን ለመሸከም የሚጠመዘዘው መጠንም ያው ነው። ቡሎኗ የለወጠችው ጥምዘዛው ከየት እንደሚጀምር ብቻ ነው። መወጣጫ ላይ ቆማችሁ ከመደርደሪያ ዕቃ ብታወርዱ ቁመታችሁ ከፍ አለ እንጂ ክንዳችሁ አልጠነከረም፤ ነገሩ ያ ነው።

የዘንጉን ጥንካሬ የሚወስኑት ብረቱ፣ ርዝመቱና ውፍረቱ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ውፍረቱ በጣም ኃይለኛ ነው፤ ስትሬንግዝ ኦፍ ማቴሪያልስ የወሰዳችሁ እንደምታስታውሱት ጥንካሬው ከውፍረቱ አራተኛ ርቢ ጋር ነው የሚሄደው። 19 ሚሊሜትሩን ዘንግ አውጥታችሁ በ21 ብትቀይሩት ልዩነቱ ሁለት ሚሊሜትር ነው፣ ጥንካሬው ግን በ49 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በካልኩሌተር ሞክሩት፤ 21ን ለ19 አካፍላችሁ አራት ጊዜ በራሱ አባዙት። ስለዚህ መኪናው እንዲጠነክር የሚፈልግ ሰው ዘንጉን ነው የሚቀይረው፣ ቡሎን አያጠብቅም።

"ታዲያ ካጠበቅነው በኋላ ለምን ደረቅ ይለናል?" የሚል ሾፌር አለ፤ ስሜቱም ውሸት አይደለም። ፊቷ በጣም ከፍ ሲል ክንዱ ወደ ታች ያዘነብላል፣ ጎማው ወደ ታች ለመውረድ የሚቀረው መንገድ ያጥራል። ጉድጓድ ሲመጣ ጎማው ትንሽ እንደወረደ መቆሚያው ጋ ይደርስና "ጓ" ይላል። ደረቅ ያደረገው ያ ምት እንጂ የሞላው ጥንካሬ አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ በጣም ያወረደ ሰው በየጉብታው የላይኛውን ላስቲክ ይመታል፣ አሞርዛተሩም ቶሎ ያልቅበታል።

ከፍታው ሲለወጥ አብሮ የሚለወጠው

የፊት ጎማ አቋም ብዙ ማዕዘን አለው። ከፊት ሆናችሁ ስታዩት ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያዘነበለበት ካምበር ይባላል። ከላይ ሆናችሁ ብታዩት ሁለቱ ጎማዎች ከፊት የተቀራረቡበት ወይም የተራራቁበት ቶ ይባላል። ክንዱ በክብ መንገድ ስለሚዞር ቁመቱ በተለወጠ ቁጥር ሁለቱም ይለወጣሉ። ቡሎኗን አዙሮ ወደ አላይመንት ያልሄደ ሰው ጎማውን በአንድ ጠርዝ በልቶ ይጨርሳል። አዲስ ጎማ ስንት እንደገባ ቤተሰቡ መኪና ያለው ሁሉ ያውቃል።

ከቶው ጋር የተያያዘ ሌላ ስውር ነገር አለ። ከመሪው ወደ ጎማው የሚሄደው ዘንግና የታችኛው ክንድ በፋብሪካው ከፍታ ላይ ተግባብተው ነው የሚንቀሳቀሱት። መኪናዋ ብዙ ስትወርድ ይህ መግባባት ይፈርሳል። ጎማው ጉብታ ላይ በወጣ ቁጥር መሪው ሳይዞር ጎማው ትንሽ ይዞራል፤ በቀጥታ መንገድ ላይ መኪናዋ ራሷ ወዲያና ወዲህ የምትል ይመስላችኋል። ውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ለማረም የመሪ ሳጥኑን በሽም ከፍ ያደርጉታል፣ ወይም የጎማ መያዣው ከፍ ብሎ የተሠራ አሞርዛተር ይገጥማሉ። ያ ሁሉ ወጪ በቪዲዮው ውስጥ የለም።

ሰው የማይጠብቀው ደግሞ ይህ ነው፤ መኪና በወረደች ቁጥር ኩርባ ላይ ትሻላለች ማለት አይደለም። በ911 ዓይነት አሠራር የታችኛው ክንድ ከአግድም አልፎ ጫፉ ወደ ላይ ከቀና፣ አካሉ ኩርባ ላይ ሲያዘነብል የሚዞርበት ነጥብ ከመኪናዋ ክብደት ማዕከል ፈጥኖ ይወርዳል። ውጤቱም ዝቅ ያለችው መኪና ኩርባ ላይ ከበፊቱ የበለጠ ማዘንበሏ ነው። ስለዚህ ትንሽ ማውረድ ይጠቅማል፣ ብዙ ማውረድ ይጎዳል። እውነቱን ለመናገር ለፎቶ ሲባል መሬት ላይ የተኙ 911ዎችን ስናይ ከማዘን በቀር የምንለው የለም።

መብራቱንም አትርሱ። ፊቷ ከፍ ያለ መኪና በሌሊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ታጠፋለች።

የበርጩማው ነገር

ባለሦስት እግር በርጩማ መሬቱ ቢጎረብጥም አይናጋም። ባለአራት እግሩ ግን ከአንዱ እግር ሥር የታጠፈ ወረቀት ብታደርጉ ክብደቱ በዚያ እግርና በሰያፍ ከፊቱ ባለው ላይ ይሄዳል፣ የቀሩት ሁለቱ ይቀላሉ። መኪናም አራት እግር አላት። የግራ ፊቷን ቡሎን ብቻ ብታጠብቁ የግራ ፊትና የቀኝ ኋላ ጎማዎች ላይ ክብደት ይጨምራል፣ ከሌሎቹ ይቀንሳል። መኪናዋ በዓይን ቀጥ ብላ ትታይ ይሆናል፤ ዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዙ ግን ክብደት የጎደለው የፊት ጎማ ቀድሞ ይንሸራተታል።

ለዚህም ነው የ911 ሥራ ከኋላ የሚጀመረው። የኋላው ከፍታ ካልተስተካከለ ፊት ላይ የምትለኩት ሁሉ ውሸት ነው። የኋላው የሚያስደንቅ ብልሃት አለው። የኋላው ቶርሽን ባር በውስጠኛው ጫፍ 40 ጥርስ፣ በውጨኛው ጫፍ 44 ጥርስ አለው። በአንዱ በኩል አንድ ጥርስ ማዞር 9 ዲግሪ ነው፣ በሌላው በኩል 8.18 ገደማ። አንዱን ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ አንድ አንድ ጥርስ ብታዞሩ የሚቀረው ልዩነት ከአንድ ዲግሪ ያንሳል። በሸካራ ጥርስ ረቂቅ ማስተካከያ! ቮልስም ከኋላ በዚሁ መንገድ ነው የተሠራችው።

ሥራው ራሱ

ፋብሪካው ለ1980ዎቹ 911 ካሬራ የሰጠው የፊት ልኬት ከመሬት እስከ ፓራፋንጎ አይደለም። ፓራፋንጎ ይጎብጣል፣ ይጠገናል፣ በመኪናና በመኪና መካከል ይለያያል። ከመሬት እስከ ጎማው መሐል ይለካል፣ ከመሬት እስከ ቶርሽን ባሩ መሐል ይለካል፣ ከዚያ ይቀነሳል። ለምሳሌ ጎማው 300፣ ዘንጉ 192 ቢሆን ልዩነቱ 108 ሚሊሜትር ነው። ፋብሪካው የሚፈልገውም 108 ነው፤ በ5 ሚሊሜትር መብለጥም ማነስም ይፈቀዳል፣ በግራና በቀኝ መካከል ግን ከ5 በላይ ልዩነት አይፈቀድም።

ከመለካት በፊት መኪናዋ ደልዳላ ወለል ላይ ትቁም። የጎማ ንፋስ ይስተካከል፣ ነዳጅ ሙሉ ይሁን፣ መለዋወጫ ጎማና መሣሪያ በቦታቸው ይሁኑ፣ ውስጧ ሰው አይቀመጥ። ፊቷን ሁለት ሦስት ጊዜ ጫን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት፣ ከዚያ ለኩና ጻፉ። ቡሎኗ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ስንት ዙር እንዳዞራችሁም ጻፉ። ያልተጻፈ ልኬት ነገ "እኔ እኮ ሁለት ዙር ነው ያዞርኩት"፣ "አይ ሦስት ነው" የሚል ክርክር ያመጣል፤ በራሳችን ላይ አይተነዋል።

የኋላ ጎማዎች ግራና ቀኝ ታኮ ይደረግላቸው። ፊቷ በክሪክ ተነስቶ በካቫሌቶ ላይ ይረፍ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መቆሚያ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር ማንም ሰው እንዳይገባ። ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ዘንጉ ሲላላ ቡሎኗም ትቀላለች፤ ጭነት ላይ እያለች ማዞር ጥርሷን ይበላል። አፈሩን በሽቦ ብሩሽ አራግፉ፣ ግራሶ ቀቡ፣ ከዚያ አዙሩ። ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ስታቢላይዘር በአንድ በኩል ቢፈታ ይመረጣል፤ አለበለዚያ አንዱ ጎን ሌላውን እየሳበ ልኬታችሁን ያዛባዋል።

አንድ ዙር ስንት ሚሊሜትር እንደሚሰጥ ከሰው አትጠይቁ፣ አንድ ዙር አዙራችሁ ራሳችሁ ለኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መኪናዋን ከክሪክ አውርዶ ወዲያው መለካቱ ነው። ስትወርድ ጎማዎቹ ወደ ጎን መንሸራተት ስለሚያቅታቸው አካሉ ከእውነተኛ ቦታው ከፍ ብሎ ይቀራል። ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ግፏት፣ ፊቷን ጫን ጫን አድርጉ፣ ከዚያ ለኩ። ያረጀ የክንድ ላስቲክ ካለ እሱም ይይዛታል፤ ከተወሰነ ጉዞ በኋላ ደግሞ መለካት ያስፈልጋል።

ከፍታው ከተስማማ በኋላ አላይመንት ይከተላል። መጀመሪያ ካምበሩ፣ መጨረሻ ቶው፤ ካምበሩ ሲነካ ቶው ስለሚለወጥ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። ከዚያ መብራቱ ይስተካከላል።

ዘንጉን ራሱ የሚያወጣ ሰው ካለ ሁለት ነገር ይወቅ። የግራው ለግራ፣ የቀኙ ለቀኝ ነው፤ ፋብሪካው ሲሠራቸው እያንዳንዳቸው ወደሚጠመዘዙበት አቅጣጫ አስለምዷቸዋል፣ ምልክትም አላቸው። ሁለተኛ፣ ቀለሙን እንዳትፍቁት፣ በቱቦ መፍቻም እንዳትይዙት። ከፍ ባለ ጭነት የሚጠመዘዝ ብረት ላይ ትንሽ ጭረት የስንጥቅ መነሻ ናት፤ ዝገት ይገባባታል፣ አንድ ቀን በጉዞ ላይ ዘንጉ ይሰበራል፣ ያ የመኪናዋ ጥግ ደግሞ በአንዴ ይወድቃል።

ሚኒባሷስ?

የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስም ከፊት ቶርሽን ባር አላት፣ ማስተካከያ ቡሎንም አላት። የወንድማችን ሐሳብ ከየት እንደመጣ አሁን ግልጽ ነው። ልዩነቱ የምትሸከመው ክብደት ነው። በዚህ ላይ የእሷ ፋብሪካ የሚሰጠው ልኬት ሌላ ነው፤ የፖርሿን 108 ወስዶ እሷ ላይ መሞከር አይቻልም።

ለእረፍት ሲሄድ አንድ ነገር ብቻ አስማልን ላክነው፤ ቡሎን ከመንካቱ በፊት አራቱንም ጥግ እንዲለካ። ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ፣ ፎቶ አንስቶም ላከልን። የግራ ፊት ከቀኙ በ18 ሚሊሜትር ዝቅ ብሏል። የግራ ኋላ ግን ከቀኙ በጣም የባሰ ነበር። "ከኋላ ግባና ባሌስትራውን እየው" አልነው። በማግስቱ ከዙህር በፊት ደወለ፤ በግራ ኋላ ከባሌስትራው ሁለተኛዋ ቅጠል ለሁለት ተሰብራለች፣ ከላይዋ ጭቃ ስለሸፈናት አባቱም አላያትም። አካሉ በሙሉ ወደ ግራ ኋላ ዘምሞ ፊቱንም ይዞት ወርዶ ነበር።

ቅጠሏ ተቀየረች፣ አልሐምዱሊላህ። እንደገና ሲለካ የፊቱ ልዩነት 5 ሚሊሜትር ሆነ። መጀመሪያ እንዳሰበው የግራ ፊቷን ቡሎን አጥብቆ ቢሆን ኖሮ ሚኒባሷ በዓይን ቀጥ ትል ነበር፤ የተሰበረች ባሌስትራ ይዛ፣ ክብደቷ በሰያፍ ተዛብቶ፣ ሰው ጭና መንገድ ትወጣ ነበር። የፊት ቡሎኖቿ አሁንም እንደነበሩ ናቸው። አባቱ ልኬቱን የጻፈባትን ወረቀት ከፀሐይ መከላከያው ሥር ሰክቶ ይዟታል፤ በየወሩ መጨረሻ እንዲለካለት ለረዳቱ አዟል።